አንዴ ብቻ የሚጠየቅበት መርከብ

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አምቦ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበርኩ። ኦፕሬተር ምን እንደነበር ለማታውቁ ወጣቶች ላስረዳ። ያኔ አዲስ አበባ ያለ ወንድሙን ማነጋገር የፈለገ ሰው ስልክ ቤት ይመጣና ጥሪ ያስይዛል። እኔ መስመሩን አገናኛለሁ፤ ጊዜው ሲያልቅ ጣልቃ ገብቼ «ሦስት ደቂቃ ሞልቷል፣ ይቀጥላሉ?» እላለሁ። ሥራዬ የሰውን ቃል ማገናኘት ነበር። የራሴን እንድናገር የጠየቀኝ የለም፣ እኔም አልጓጓሁም።

ከዚያ ወንበር ላይ የተማርኩት ነገር ቢኖር የእኛ ሰው በሦስት ደቂቃ ውስጥ እሺ እንደማይል ነው። «ለፋሲካ ና እንጂ!» ይላል አንዱ። «አይ፣ አይመቸኝም» ይላል ሌላው። «በሞቴ!» «ኧረ ተወኝ።» «አፈር ስሆን!» እሺታው ከጉሮሮ ሊወጣ ሲል ደቂቃው ይሞላል። አንዳንዴ ሰዓቱን እንዳላየሁ ሆኜ እተዋቸው ነበር። አሁን ጡረታዬን የሚነጥቀኝ ስለሌለ ነው ይህን የምጽፈው።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ እኔው ራሴ በዚያው ጉድጓድ ገባሁ።

አንዲት ልጅ አለችኝ፣ ሮማን ትባላለች። ከባሏ ከገመቺስ ጋር ዱባይ ነው የምትኖረው። ገመቺስ የጉደር ልጅ ነው፤ እዚያ አንድ የጉዞ ድርጅት ውስጥ ይሠራል። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሮማን ደወለችልኝ።

«እማዬ፣ አርግዣለሁ። በግንቦት ነው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

«ለአራስነቴ ትመጪልኛለሽ?»

እግሬ ያን ጊዜውኑ ጫማ ፍለጋ ጀምሮ ነበር። አፌ ግን እንደ ልማዱ፣ «አይ ልጄ፣ እኔ አሮጊት እዚያ መጥቼ ምን ልጠቅማችሁ? ማስቸገር ነው» አለ።

«እሺ እማዬ» አለች ሮማን።

ስለ ዝናቡ ጠየቀችኝ፤ ዝናብ እንደሌለ ነገርኳት፤ ተሰነባበትን። ሁለተኛ ትጠይቀኛለች ብዬ ስልኩን በኪሴ ይዤ ሦስት ቀን ከረምኩ፤ ጓሮ ስወርድ እንኳ አልተለየኝም። በአራተኛው ቀን ደወለችና፣ «አትጨነቂ እማዬ፣ አዴ ጫልቱ ትመጣለች» አለችኝ።

አዴ ጫልቱ የገመቺስ እናት ናት፤ አዴ በኦሮምኛ ለእናት የሚሰጥ የክብር መጠሪያ ነው። ጉደር ወንዝ ዳር ሽንኩርት ታለማለች፤ ትልቅ ሴት ናት፣ በአካልም በድምፅም። ከሠርጉ ጀምሮ በአክብሮት እንተዋወቅ ነበር፤ በአክብሮት ስል እኔ «እርስዎ» እላታለሁ፣ እሷ «አንቺ» ትለኛለች፣ ከዚያ በላይ አንነጋገርም። በአገሩ ልማድ የመጀመሪያ ልጅ ሲወለድ አራሷን የምታርሰው የገዛ እናቷ ናት። አሁን የእኔን ልጅ የጉደሯ ሴት ልታርስልኝ ነው። ሁለታችንም እንዳንሄድ የልጆቹ ቤት አንድ መኝታ ክፍል ብቻ ነው፤ ለጥቂት ቀን መጨናነቅ ይቻላል፣ ለአራት ወር አይቻልም።

ከገናም ከጥምቀትም በኋላ ገመቺስ ለሁለታችንም የአውሮፕላን ቲኬት ላከ። መሥሪያ ቤቱ ለሠራተኞቹ የባሕር ሽርሽር በቅናሽ ሰጥቶ ኖሮ፣ «ልጁ ሳይመጣብን እናቶቻችንን ውቅያኖስ እናሳይ» ተባብለው ነው። እንዴት እሺ አልሽ ትሉኝ ይሆናል። ገመቺስ ሳይጠይቅ ነዋ የቆረጠው፤ የምግደረደርበት ቀዳዳ አልተወልኝም።

ወደ ወደቡ ስንሄድ መኪና ውስጥ፣ «ሃርሜ፣ ከመርከቡ በወረድን ቀን የግንቦቱን ቪዛ ወረቀትሽን አስገባለሁ» አላት ገመቺስ እናቱን፤ ሃርሜ በኦሮምኛ እናቴ ማለት ነው። ጉዞው አምስት ቀን ነው። በአምስት ቀን ውስጥ አንድ ሰው አንድ ጊዜ፣ «እማዬ፣ ለመሆኑ አንቺስ?» ይለኛል ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

መርከቡ መርከብ አይመስልም፤ አሥር ፎቅ ያለው ሆቴል ውሃ ላይ ተኝቶ ነው የሚመስለው። እኔና አዴ ጫልቱ አንድ ክፍል ተሰጠን። አዴ ጫልቱ አልጋዋ ላይ ሠራተኞቹ በዝሆን መልክ የጠቀለሉት ፎጣ ተቀምጦ አገኘች። «የልጅ ልጄ ዕድል ነው፣ አልፈታውም» ብላ አምስቱንም ቀን ሌላ ፎጣ ስትለምን ሰነበተች።

በመጀመሪያው ራት ነው ነገር የጀመረው። አስተናጋጁ ነጭ ጓንት ያደረገ፣ ፈገግታው የማያልቅ ወጣት ነው። ዓሣ ይዞ መጣና ትፈልጊያለሽ ወይ አለኝ። ረኃብ ይዞኛል፤ ጠዋት ከቀመስኩት ሻይ ሌላ አልበላሁም። ግን እንደ ጨዋ ሰው፣ «ኖ፣ ታንክ ዩ» አልኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ይህችን አሳምሬ ነው የምላት።

ሳህኑን ይዞ ሄደ።

ሄደ ነው የምላችሁ! በሞቴ የለ፣ ቅመሺልኝ የለ፣ ምነው ምን ሆንሽ የለ። አዴ ጫልቱ ድርሻዋን ጨርሳ የገመቺስን ታግዝ ነበር። ሮማን የእናቷን ጠባይ ረስታ ስለ ባሕሩ ቀለም ታወራለች። ሾርባ መጣ፤ ኖ፣ ታንክ ዩ። ዶሮ መጣ፤ ኖ፣ ታንክ ዩ። የሰው አገር ሰው ምን ያህል ቃል አክባሪ እንደሆነ በዚያ ማታ ተረዳሁ።

በማግስቱ ምሳ ሰው ራሱ የሚያነሳበት አዳራሽ አለ ተባለና ደስ አለኝ። ሰልፍ ያዝኩ። ከኋላዬ አንዲት አሮጊት ብትመጣ፣ ቅደሚ አልኳት። ቀደመች። ባሏም ቀደመ። ቀጥሎ አንድ ቤተሰብ መጣ፤ እነሱንም። አምቦ ቢሆን «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» ተባብለን ተራው ይጠበቅ ነበር። እዚህ ግን ያሳለፍኩት ሁሉ አመስግኖ አለፈ። እኔ ስደርስ ጠረጴዛውን እየጠረጉ ነበር።

ክፍላችን ገብቼ ለሮማን ብዬ ከአምቦ ያመጣሁትን ዳቦ ቆሎ ፈታሁ። አዴ ጫልቱ ከምሳ በኋላ ጋደም ብላ ስለነበር ድምፅ እንዳይሰማ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኜ ማድቀቅ ጀመርኩ።

«እትዬ አስናቀች» አለች ዐይኗን ሳትገልጥ።

«አቤት።»

«መርከቡ ውስጥ አይጥ አለ መሰለኝ።»

ማኘኬን አቆምኩ። ጥቂት ቆየችና ተነሥታ ወጣች። ስትመለስ በሶፍት የተጠቀለለ ትኩስ ዳቦና የዶሮ እግር ይዛለች። ፊቴ አስቀመጠችውና፣ «ኛዹ» አለችኝ፤ ብዪ ማለቷ ነው።

ሽታው ምራቄን አመጣው። «አይ፣ ጠግቤያለሁ። እርስዎ ይብሉት» አልኩ።

አየችኝ። ዶሮውን አነሣች። ዐይን ዐይኔን እያየች አጥንቱ እስኪቀር በላችው፤ ዳቦውን አስከተለች፤ ሶፍቱንም አራገፈች። «እምቢ ያልሽ አንቺ ነሽ» አለችና ተመልሳ ተኛች። እንደዚያ ቀን ሰው ጠልቼ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ኦማን ወደብ ላይ ወርደን ስንዞር ዋልን። ገመቺስ ለሁሉም ሳይጠይቅ ሻዋርማ የሚሉትን በቂጣ የተጠቀለለ ሥጋ ገዛ፤ በላሁ። ይህ ልጅ ጥሩ ልጅ ነው። አመሻሹ ላይ ከሮማን ጋር የመርከቡን ዳር የብረት አጥር ተደግፈን ቆምን። እኔ ደንዲ ሐይቅን አይቻለሁ፤ ደንዲ ግን ማዶ አለው። ይህ ማዶ የለውም። ሮማን እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ «እየተራገጠች ነው» አለች።

«ሴት ናት?»

«አልታወቀም። እኔ ግን ሴት እላታለሁ።»

አሁን ትጠይቀኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷም የሆነ ነገር የምትጠብቅ መሰለኝ። «ነፋሱ ይበርድሻል፣ ግቢ» አልኳት። ገባች።

በአራተኛው ቀን ማለዳ አዴ ጫልቱ ትከሻዬን ነቀነቀችኝ። «ተነሺ! ፍል ውሃ አግኝቻለሁ!»

አምቦና ጉደር ያደገ ሰው ፍል ውሃ ሲባል የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ሰው ሳይበዛ፣ ሳሙናና ፎጣ ይዞ ሄዶ የሳምንቱን ድካም አራግፎ መመለስ። ወደ ላይኛው ፎቅ ተከትያት ወጣሁ። እውነትም ክብ ገንዳ አለ፤ ይተናል፣ ከሥሩ እየተፍለቀለቀ ይወጣል። እዚህ ባሕር መካከል የቤታችንን ውሃ ያገኘን መሰለን።

ግድግዳው ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። አነበብኩት። ከክልከላዎቹ መካከል ሳሙና አለበት። አዴ ጫልቱ በውስጥ ቀሚሷ ገብታ ከፌስታሏ አንድ ሙሉ ሳሙናና የእግር መፈግፈጊያ ድንጋይ አወጣች።

«አዴ፣ ምናልባት…» አልኩ።

«ምናልባት ምን?»

ተማርኩ ብላ ልታርመኝ ነው እንዳትለኝ ፈራሁ። «አይ፣ ምንም» ብዬ እኔም ገባሁ።

ጀርባዬን አሸችልኝ፣ ጀርባዋን አሸሁላት። መጀመሪያ ትንሽ ነጭ ነገር ውሃው ላይ ታየ። ከዚያ እስከ ደረታችን መጣ። የሚፍለቀለቀው ውሃ ሳሙናውን እንደ ጠላ ድፍድፍ ያስነሣው ጀመር። «ማል ታኤ? ምን ሆነ?» አለች አዴ ጫልቱ፤ ድምፅዋ እንጂ ፊቷ አይታየኝም ነበር። አረፋው ከገንዳው ፈሰሰ፣ ወንበሮቹን አለፈ፣ ፀሐይ ሊሞቁ የመጡ ያረጁ ፈረንጅ ባልና ሚስት እግር ሥር ደረሰ። ሽማግሌው ተነሥቶ አጨበጨበ። ሚስቱ ፎቶ አነሣችን። ሁለት ሠራተኞች እየሮጡ መጡ፤ አንደኛው ተንሸራትቶ በተቀመጠበት እስከ ገንዳው ደረሰና በጣም በትሕትና «ጉድ ሞርኒንግ» አለን።

ገመቺስና ሮማን ተጠርተው መጡ። ገመቺስ ሠራተኞቹን ሁሉ በየተራ ይቅርታ ሲጠይቅ ሮማን ሆዷን ይዛ መሬት ተቀመጠች፤ ስትስቅ ድምፅ አልወጣትም። እንዲያ ስትስቅ ካየኋት ዓመታት አልፈዋል።

ክፍላችን ተመልሰን የመርከቡን ነጭ ጋቢ መሳይ ካፖርት ለብሰን ተቀመጥን።

«አንቺ ማንበብ ታውቂ የለም? ግድግዳው ላይ ምን ይል ነበር?» አለች አዴ ጫልቱ።

«ሳሙና ክልክል ነው ይላል።»

«መቼ አየሽው?»

«ሳንገባ።»

አፏን ከፍታ አየችኝ። «ያ ዋቅ! አምላኬ!» አለችና አልጋው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ግን ፊቷ ሌላ ሆነ። «አንቺ ሴት፣ ያየሽውን አትናገሪ፣ የፈለግሽውን አትናገሪ። ልጅቷን ያስለቀሳት ይሄው ነው።»

«የቷን ልጅ?»

«ሮማንን ነዋ! አልመጣም ያልሻት ቀን ደውላ አለቀሰችብኝ። ‹እናቴ ልታርሰኝ አልፈለገችም› ብላ።»

በእጄ የያዝኩትን ፎጣ አጠፍኩ። ፈታሁት። እንደገና አጠፍኩ።

«እርስዎ ታዲያ…»

«እኔማ ልጅቷ ሰው እንዳታጣ ብዬ ነው እሺ ያልኩ። በግንቦት ሽንኩርቴን ማን ይነቅልልኛል? ደግሞስ እናትየዋ ቁጭ ብላ እኔ ገንፎ ሳገነፋ አገሩ ምን ይለኛል? ‹ይቺ ሴት አራስ ነጠቀች› አይሉኝም?»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ጠየቅሽኝ?»

«እንግዲያው ለሮማን ይንገሩልኝ» አልኩ በመጨረሻ።

«አልነግርልሽም» አለች። «ዕድሜሽን ሙሉ የሰው ወሬ ስታቀባብዪ ኖረሽ የለ? አንድ ቀን የራስሽን አውሪ። እስከ ራት ጊዜ አለሽ።»

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ስንት ጊዜ ወደ ሮማን እንደሄድኩ አልቆጠርኩም። አንዴ ተኝታ ነበር። አንዴ ስለ አረፋው ለጓደኛዋ ስልክ ላይ ታወራ ነበር። አንዴ ብቻዋን ቁጭ ብላ አገኘኋትና፣ «ውሃ ጠጪ» ብያት ተመለስኩ።

የመጨረሻው ራት ደረሰ። ዋናው ምግብ እንደተነሣ ሮማን አንገቷን ደፋ አድርጋ፣ «አዴ፣ ነገ ጠዋት ወረቀቱ ስለሚገባ ፓስፖርትሽን ለገመቺስ ስጪው» አለች።

አዴ ጫልቱ አየችኝ። እኔ የጠረጴዛውን ጨርቅ አየሁ። ቦርሳዋን ከፈተች፤ ማበጠሪያ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ይሄ አይደለም» አለች። የተረፈውን ሳሙና አወጣች። «ይሄም አይደለም።» የእግር ድንጋዩን አወጣች።

«ሃርሜ፣ ከላይ ያለው ኪስ ውስጥ አይደለም?» አላት ገመቺስ።

«አትቸኩል! ሰው ሲፈልግ ጊዜ ይሰጡታል» አለች፤ አሁንም እኔን እያየች። መነጽር ወጣ። ሁለት ራስ ሽንኩርት ወጣ፤ ከጉደር እዚያ ድረስ ለምን እንደመጣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

በዚህ መካከል ያ አስተናጋጅ ጣፋጩን ይዞ መጣ። ሮማንን ጠየቃት፤ ሰጣት። ገመቺስን ጠየቀው። አዴ ጫልቱን ሳይጠይቅ ሁለት አኖረላት። እኔ ጋ ሲደርስ በትሕትና ፈገግ ብሎ አለፈኝ። ለአራት ቀን ኖ፣ ታንክ ዩ ስለው ከርሜ አሁን መጠየቁንም ተወው።

ምን እንዳደረገኝ እንጃ። እስከዚያ ደቂቃ ድረስ ሁለተኛ የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄም እንደሚያልቅ አላወቅሁም ነበር።

«ሄሎ!» አልኩ።

ያ የስልክ ቤት ድምፄ ነው፤ ነቀምቴ መስመር በዝናብ ሲበላሽ የምጮህበት። አዳራሹ ሁሉ ዞረ። አስተናጋጁ ሳህኑን ይዞ ደረቀ።

«የስ» አልኩት። «እኔም እፈልጋለሁ። ፕሊስ።»

እየሮጠ አመጣልኝ። የገመቺስ ማንኪያ አየር ላይ ቀርቶ ነበር። ድምፄ ሳይበርድ ወደ ልጄ ዞርኩ።

«ሮማን። በግንቦት የምመጣው እኔ ነኝ። ላርስሽ እፈልጋለሁ። የዚያን ቀንም ፈልጌ ነበር።»

ልጄ ቀና አለች። ከዚያ ምን ብትል ጥሩ ነው? «አይ እማዬ፣ ተዪው ትቸገሪያለሽ» አለች! «ሙቀቱም አይስማማሽም።»

የእኔው ልጅ ናት፤ ከማን ትማረው?

«በሞቴ» አልኳት።

«ኧረ እማዬ፣ ቤትሽን ለማን ትተሽ…»

«አፈር ስሆን።»

«ኧረ እማዬ ተዪ፣ አዴ ጫልቱም እሺ ብላለች…»

«ሮማን» አልኩ፣ «ሦስት ደቂቃ ሞልቷል። ይቀጥላሉ?»

በልጅነቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወንበሬ ሥር ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። ያን ቃል በቀን መቶ ጊዜ ሰምታዋለች። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አልመረመርኩም፤ ጣፋጩን እያየሁ ነበር።

«ይቀጥላል» አለች፤ «ነዪልኝ፣ እማዬ።»

አዴ ጫልቱ ማበጠሪያዋን፣ ሳሙናዋን፣ ሽንኩርቷን ጠርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ፓስፖርቴን አጣሁት፣ በቃ እትዬ አስናቀች ትሂድ» አለች። ስትነሣ ፓስፖርቱ ከተቀመጠችበት ወንበር ላይ ወደቀ። ገመቺስ አንሥቶ አቧራውን አራገፈና ምንም ሳይናገር ኪሱ ከተተው።

በግንቦት ሄድኩ። ሮማን ሴት ወለደች፤ አራት ወር አረስኳት። ስለ እነዚያ አራት ወራት ብዙ አልጽፍም፤ የእኔና የእሷ ናቸው። አንድ ቀን ሕፃኗን እያጠብኩ ሳለ ሮማን በሩ ላይ ቆማ፣ «እማዬ፣ ያን ጊዜ ለምን እምቢ አልሽኝ?» አለችኝ። «እምቢ አላልኩሽም፤ መጀመሬ ነበር» አልኳት። ገባት።

አንባቢዎቼ፣ መግደርደር መጥፎ ነው አልላችሁም። ጠያቂው ቤታችሁ ድረስ መጥቶ፣ ክንዳችሁን ይዞ፣ ጊዜ ኖሮት ሲለምናችሁ ደስ የሚል ጨዋታ ነው፤ እኔም ናፍቆኝ ያውቃል። ጠያቂው ባሕር ማዶ ሆኖ ድምፁን ብቻ ሲልክላችሁ ግን፣ በሌላው ጫፍ ያለችው ልጅ የመጀመሪያ ቃላችሁን ይዛ እንደምትተኛ አስቡ። እኔ ለሃያ ስድስት ዓመት ከመካከል ተቀምጬ ነገሩን ሁሉ የሰማሁ መስሎኝ ነበር። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ማን እንዳለቀሰ ኦፕሬተር አይሰማም።

አምቦ ከተመለስኩ ወዲህ ጠባዬ ተበላሽቷል ይላሉ። ጎረቤቴ አንድ ቀን በበሯ ሳልፍ፣ «ግቢ ምሳ ብዪ» አለችኝ፤ እንደው ለወጉ። ገባሁ። ምስኪን፣ ሽሮዋን እንኳ ገና አልጣደችም ነበር፤ አብረን ጣድን።

አዴ ጫልቱ ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። አሁን «አንቺ» ነው የምላት።

«አስናቀች፣ ሽንኩርት ደርሷል። ልላክልሽ?»

«ላኪ።»

«ወይ ጉድ! ለወጉ እንኳ አንዴ እምቢ አትዪም?»

«እሺ» አልኩ፣ «አይ፣ ምን አስቸገረሽ፣ ይቅር።»

ዘጋችው። ሁለት ቀን በሬን እያየሁ ከረምኩ። በሦስተኛው ቀን አንድ ጋሪ ቆመና ባለጋሪው ሙሉ ማዳበሪያ ሽንኩርት አወረደ፤ አፉ የተሰፋበት ሲባጎ ላይ ከመርከቡ የመጣ፣ ነጭ፣ እንደ ዝሆን የተጠቀለለ ፎጣ ታስሯል።